ድምፁን የሰማሁት ቮላኖ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ልናገር ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ መጠጥና ስለ ምላሴ ክፋት አውርቼ ተመለስኩ። ሚስቴም አታውቅም። አሶሳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ "ጠባዩ መጥፎ ነው እንጂ እጁ ታማኝ ነው" ይለኛል። እጄ ታማኝ አይደለም። ኢድሪስን የጎዳው ይኸው እጄ ነው፤ አውቄ ነው ያደረግኩት፤ ሳደርገውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከወሎ በሰፈራ ስመጣ ጎረምሳ ነበርኩ። ብረት መቁረጥ የተማርኩት በሰፈራው ጋራዥ ነው። ክልሉ አዲስ ሲመሠረት በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚልጠው ማሽን፣ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ኢድሪስ የአገሩ ተወላጅ፣ የመንጌ በርታ ነው። መፍቻ አያያዝ እንኳ ሳያውቅ መጥቶ ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። "ኡስታ" ይለኝ ነበር፤ የሙያ አለቃዬ ማለቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ያስተማርኩት መስማትን ነው። ያገለገለ ብረት፣ በተለይ የሚሽከረከር ከሆነ፣ መኪና ላይ ከመታሰሩ በፊት በሽቦ ይንጠለጠልና በትንሽ መዶሻ ይመታል። ደህና ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለው ድምፁ ድፍን ይላል። ሌላም ሕግ ነበረኝ። እኔ የመታሁትን ሌላ ሰው ደግሞ አይመታውም። የሞከረ ካለ እንደናቀኝ ቆጥሬ መዶሻውን ነጥቄ አባርረው ነበር።

ያን ጊዜ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። ሠራተኛው አዳራሽ ይሰበሰብና አንዱ የሌላውን ጥፋት ቆሞ ይናገራል። በእኔ ተራ እጁን ያወጣው ኢድሪስ ነበር። "ኡስታ ጎበዝ ነው" አለ። "ግን የመንግሥት ቶርኖ፣ እሱ ላይ የሰው ሥራ ይሠራል፣ ብሩን ለራሱ ይወስዳል። እኔ አይቻለሁ።"

ዋሸ? አልዋሸም። ያን የማይሠራ ማን ነበር? ከኃላፊነት አወረዱኝ፤ የክፍሉ ቁልፍ ለኢድሪስ ተሰጠ። እኔም ለቅቄ ወጣሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ "ሰፋሪ ስለሆንኩ ነው፣ አሁን አገሩ የነሱ ሆኗል" እል ነበር። እንዲያ ማለት ይቀላል፤ የሚያምነኝም አላጣሁም። አንጀቴን ያሳረረው ግን እሱ አልነበረም። ያስተማርኩት ሰው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋረደኝ። ያን አዳራሽ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ወደ ባምባሲ መውጫው ላይ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ዓመት ካለፈ በኋላ ኢድሪስ ቀይ ባለሁለት በር የጣሊያን መኪና እየነዳ መጣ። አሮጌ ናት፤ ግን ዝቅ ብላ የተቀመጠች፣ ለሩጫ የተሠራች ናት። ስታልፍ ከተማው ዞሮ ያያት ነበር። እኔም አያትና ጥርሴን እነክስ ነበር።

"ኡስታ፣ ይሄ መኪና ቶሎ አይነሳም። ቮላኖ ከባድ ነው፣ ቀላል ስጠኝ" አለኝ፣ በመካከላችን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። ቮላኖ ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከር ክብ ብረት ነው። ከባዱ ዳገት ላይ አይከዳም፤ ቀላሉ ነዳጅ ገና ሲረገጥ ሞተሩን ብድግ ያደርገዋል። ጎረምሳ ሾፌር ሁሉ የሚመኘው ቀላሉን ነው።

የራሱን ቮላኖ ዙሪያውን በቶርኖ ልጬ ላቀልለት እችል ነበር። የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ ያምርልኝም ነበር። ሌላው ምርጫ ከተጣለች አንዲት መኪና የፈታሁት፣ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ልጦ ያሳሳው ቮላኖ ነበር። እሱን ከሳምንት በፊት አንጠልጥዬ መትቼው ነበር። ድምፁ ድፍን ነበር። ልጥለው ብዬ ጥግ ላይ አስቀምጬው ነበር።

የራሱን ቮላኖ ከመኪናዋ ከፈታሁለት በኋላ ኢድሪስ ሁለቱን ተራ በተራ አነሳቸው። የሳሳውን ሲይዝ ፊቱ በራ። ከዚያ ያስተማርኩትን አደረገ፤ ሽቦ ፈለገና መዶሻዬን አነሳ።

"ተወው፣ እኔ መትቼዋለሁ" አልኩት።

መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም። ኢድሪስም ድምፁ ምን አለ ብሎ አልጠየቀኝም። እንዳጠፋ ሰው አጎንብሶ መዶሻውን ቦታው መለሰ።

ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? ሳላስበው ነው እንዳልል፣ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሳጠብቅ ዋልኩ። እያንዳንዱን ሳጠብቅ አዳራሹን አስብ ነበር። እንዲሞት አልፈለግኩም። መንገድ ላይ እንዲቆምና ቀዩዋን መኪና ሰው እየገፋለት ከተማ እንዲገባ ነበር የፈለግኩት። ይህን ጥፋቴን ለማቅለል አልናገርም። የተሰነጠቀ ቮላኖ በፍጥነት ሲሽከረከር ምን እንደሚያደርግ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አሶሳ ውስጥ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ባምባሲ መንገድ ላይ፣ ዳገቱ ሲጀምር ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ረገጠ። ቮላኖው ተበታተነ። ስባሪው የመኪናዋን ወለል ቀዶ ገባ። ሐኪሞቹ ግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ፍሪሲዮን የሚረግጥበት እግሩ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና ነድቶ አያውቅም።

ወሬው ሲደርሰኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን ነበር? እርካታ። "እግዚአብሔር ፈረደልኝ" አልኩ በልቤ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? እኔ ነኝ ያደረግኩት።

እስካሁን የተናገርኩት ግን ትንሹ ጥፋቴ ነው። ከወራት በኋላ ኢድሪስ በክራንች ደጄ መጣ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

"ኡስታ፣ ቂም ይዞ መጾም ጥሩ አይደለም" አለኝ። "ያኔ ስብሰባ ላይ አዋረድኩህ። ለብቻህ መንገር ነበረብኝ። ቮላኖውም አንተ ደህና ሰጠኸኝ፤ እኔ ብዙ ረገጥኩ፣ ሰበርኩት። ሰው ኡስታ ነው ያበላሸው ይላል። እኔ ለሁሉም ነግሬአለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አፉ በለኝ።"

አፉ አልኩት።

ትከሻውን መታ መታ አድርጌ "ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ፤ ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። ወንበር እንኳ አላቀረብኩለትም። ክራንቹን በብብቱ ይዞ፣ እያለቀሰ፣ እጄን ሳመኝ። እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።

ንስሐ አባቴ ፊት ምላሴን የሚያስረው ይህ ነው። ተበቀልኩ ቢሉ የሚረዳ ሰው አይጠፋም። እግሩን የወሰድኩበትን ሰው፣ ቆሞ ይቅርታ ሲለምነኝ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ያልኩትን እኔን ምን ትሉኛላችሁ? እኔ ለራሴ ስም አጥቼለታለሁ።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። በየዓመቱ ማንጎ ሲደርስ በኬሻ ይልክልኛል። እበላዋለሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ? ይህን መጻፌ ራሱ ፍርሃት ነው። ኢድሪስ አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም፤ ይህንን ብዕር ሳነሳ አውቅ ነበር። አሁን እናንተ ሁሉ አውቃችኋል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ቤቱ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። እግሮቼ ደህና ናቸው። እስካሁን አልሄድኩም።