ሁለቱ መንታ ዲስኮች

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የበግ እርባታ ጽሕፈት ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ከሰላ ድንጋይና ከደነባ መንደሮች የሚመጣውን የበጎች ክብደት ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ነው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ በገመድ የተያያዙ ሁለት ዲስኮች ነበሩ፤ አንዱ ዋናውን መዝገብ ይይዛል፣ ሌላው በየሳምንቱ አርብ የምገለብጠውን ቅጂ። በመልክም በክብደትም መንታ ናቸው። ማሽኑም ቢሆን አይለያቸውም። በተነሣ ቁጥር ላይኛው መሰኪያ ላይ ያገኘውን «አንደኛ»፣ ታችኛው ላይ ያገኘውን «ሁለተኛ» ይላል፤ በቃ።

አንድ የሐምሌ አርብ ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ ስለቸኮልኩ፣ መዝገቡን ሳልከፍት «አንደኛውን ወደ ሁለተኛው ገልብጥ» ብዬ አዝዤ ወጣሁ። ሰኞ ስመለስ የሳምንት ልፋቴ የለም። ባለፈው ሳምንት የተገለበጠው አሮጌ መዝገብ በአዲሱ ላይ ተጽፎበታል።

የአንኮበር ሰው የሆኑትን ሽማግሌ ዘበኛችንን ጠራኋቸው።

«አባባ፣ ይህን ገመድ ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። አርብ በምሳ ሰዓት ሰማዩ ሲያጉረመርም ነቀልኩት። ሁለት በሬዎቼን በአንድ ቀን የጨረሰብኝ መብረቅ ነው።»

«መንቀሉስ ይሁን! ሲመልሱት ለምን አቀያየሩት?»

«አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?»

ዝናብ ያራሰውን የመስክ ቅጽ እያገላበጥኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ሁሉንም እንደገና ጻፍኩ።

ከዚያ ዲስኮቹ ላይ የሚለያቸውን ስም የጻፍኩበት ወረቀት ለጠፍኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ቆሻሻ መስሏት ልጣ ጣለችው። እንደገና ለጠፍኩ፤ አሁን ደግሞ ኃላፊያችን «ጓድ፣ የመንግሥት ንብረት ላይ አይለጠፍም» ብለው አስላጡኝ። አለቅስ ነበር፣ ንዴቱ እንባዬን ባያደርቀው።

በመጨረሻ ስማቸውን እዚያው ዲስኮቹ ውስጥ ጻፍኩት፤ አንዱን «ዋና»፣ ሌላውን «ቅጂ» ብዬ። የመገልበጫውንም ትእዛዝ ለወጥኩ፤ ከእንግዲህ መሰኪያውን ሳይሆን ስሙን ፈልጎ እንዲሠራ። ሆን ብዬ ገመዶቹን አቀያይሬ ማሽኑን አስነሣሁት። «ዋና»ን ታች አገኘው፣ ወደ «ቅጂ»ም በትክክል ገለበጠው። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ለሽማግሌው «ከእንግዲህ እንዳገኙ ይሰኩት፣ ግድ የለም» አልኳቸው። አላመኑኝም። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ነጎድጓድ ባለፈ ቁጥር ከምሳዬ ላይ እያስነሡ «ነይ፣ የቱ የት እንደሚገባ አሳዪኝ» ይሉኝ ነበር።