ማላኪ ሄሽን ድንጋይ ላይ ስሙን ፈለገ

ማላኪ ሄሽን የጀግና ዘር ነኝ ይል ነበር። ዘሩስ የተደባቂ ዘር ነው። በ1798ቱ አመፅ የመንደራችን የክሎንራ ጎበዝ ሁሉ ጦሩን ነቅሎ እንግሊዝ ላይ ሲነሳ፣ ቅድመ አያቱ ቅቤ መናጫ በርሜል ውስጥ ገብቶ ክዳኑን በላዩ ደፋ። በረሃቡ ዘመን ጎረቤት ሣር ሲግጥ፣ አያቱ አጃውን ጎተራ ሥር ቀብሮ "እኛም ጨርሰናል" እያለ ያለቅስ ነበር። አባቱማ መንደሩ ባለርስቱን ላያናግር ሲማማል፣ በጓሮ በር እየገባ ቆቡን ሲያወልቅለት ከረመ። ማላኪ ራሱ የመንደሩ ልጆች ከእንግሊዝ ወታደሮች ጋር በተታኮሱበት በድልድዩ ውጊያ ቀን የት እንደነበር ሀገር ያውቃል፤ እናቱ አልጋ ሥር። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ።

ታዲያ ይህ ሰው አያፍርም። እንግሊዞች እስኪወጡ ትንፍሽ አላለም። ሲወጡ አንደበቱ ተፈታ። መጀመሪያ "መልእክት አድርሻለሁ" አለ። ቀጥሎ ጥይት ያቀበለ ሆነ። በአሥረኛው ዓመት ድልድዩ ላይ የወታደሮቹን መኪና ሾፌር ተኩሶ የጣለው እሱ ሆኖ ቁጭ አለ። መሸታ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ ጥቁር ቢራ እየጋበዘው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። እኛ ንቀን የተውነውን እሱ አምነውኛል ብሎ ያዘው።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት ድልድዩ አጠገብ መታሰቢያ ድንጋይ ሊቆም፣ የተዋጉት አሥራ አንድ ሰዎችም ስም ሊቀረጽበት ተወሰነ። ማላኪ ይህን ሲሰማ እህል አልወርድለት አለ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ስሙ እዚያ ካልወጣ ሲሞት አብሮት መቀበሩ ነው። አሥራ ሁለተኛ ካልሆንኩ ብሎ ድርቅ አለ። ዝርዝሩ ደግሞ በዴልያ ፋሂ እጅ ነው። ተዋጊዎቹን ጎተራዋ ውስጥ ደብቃ ያበላች እሷ፣ ድልድዩ ላይ የወደቀው ኮልማን ወንድሟ። እሷ እሺ ካላለች ድንጋይ ቀራጩ መሮውን አያነሳም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ማላኪ ጫማውን ወልውሎ፣ ደረቱን ነፍቶ መጣ። የውጊያውን ጠዋት ውርጭ ተናገረ፣ ያደፈጡበትን የድንጋይ አጥር ተናገረ፤ እዚህ ድረስ ከሌሎች አፍ የለቀመው ስለሆነ ደህና ሄደ። ውሸትና ስንቅ ግን እያደር ይቀላል። ዴልያን ሊያስለቅስ ፈለገና አዲስ ጨመረበት።

"የዚያን ዕለት ጠዋት ኮልማን እኛ ቤት ነበር" አለ። "እናቴ የአሳማ ሥጋ ጠበሰችልን። የኔንም ድርሻ በላና 'የእናትህ እጅ ይባረክ' አለኝ።"

አንዲት አሮጊት አማተበች፤ ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ሞኙ ሰው ልባቸውን የነካ መስሎት ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

"የምን ቀን ነበር፣ ማላኪ?" አለች ዴልያ።

"ረቡዕ ነዋ፣ እህቴ።"

"የትኛው ረቡዕ?"

ማላኪ መሐረቡን ያጣጥፍ ጀመር። ውጊያውን በየዓመቱ የምናስበው በወሩ ቁጥር ነው፤ ከእሑድ ጀምሮ አልጋ ሥር የከረመ ሰው የትኛው ረቡዕ እንደነበር በምን ይወቅ?

"የዐቢይ ጾም መግቢያው፣ የአመድ ረቡዕ ነበር" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "ቄሱ ጎተራችን ድረስ መጥተው የአሥራ አንዱንም ግንባር አመድ ቀቡ። ወንድሜን ስገንዘው ደሙን አጠብኩ፤ አመዱን ግን አልነካሁትም። እህል ሳይቀምስ፣ ጾሙን እንደያዘ ነው የሞተው። አንተ ዛሬ ሥጋ አበላኸው።"

ማላኪ ፊቱ አመድ መሰለ። ምናልባት ቀኑ ተምታቶብኝ ይሆናል ብሎ ሲንተባተብ፣ ድንጋይ ቀራጩ አልጋ ሥር መቼም ቀን አይታወቅም አለው። የሳቀ ሰው የለም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ይሁን እንጃ፣ በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

"ታዲያ ስሜስ?"

"ስምህንማ ሀገር ያውቀዋል" አለችው ዴልያ። "ድንጋይ ምን ያደርግልሃል?"

ድንጋዩ በአሥራ አንድ ስም ቆመ። ማላኪ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ድልድዩን ትቶ በረግረጉ ዞሮ ነበር፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲገባ እናየዋለን፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሲሞት የመቃብር ድንጋይ የሚያስቀርጽለት ዘመድ አልተገኘም። የእንጨት መስቀል ላይ ስሙን በቀለም ጻፍንለት። ሁለት ክረምት እንኳ አልቆየም፤ በሰበሰ።