በለስ ክፍል የገባው ቅርጫ

ይማም ከወሎ መቀሌ የገባው ጉልበቱን ብቻ ይዞ ነው። ሲሸከም ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው፣ መቀሌ ዳር ቁሓ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የበለስ ማቀዝቀዣ ክፍል ጠባቂ ሆነ። በለሱ ጎህ ሲቀድ ተለቅሞ፣ እሾሁ ተጠርጎ፣ እዚያ ቀዝቅዞ ወደ ዓረብ አገር ይላካል። ኃላፊው መሓሪ ቁልፉን ሲሰጠው አንድ ነገር አጥብቆ ነገረው።

«በሩ በከንቱ እንዳይከፈት። የቀዘቀዘ በለስ ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል፤ ያላበው መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ያኔ አንተም እንጀራህን ታጣለህ።»

ይማም ነገሩን እንደ ፋቲሓ በቃሉ ያዘው። ጫኞቹ በር ከፍተው ወሬ ሲጀምሩ «ዝጉት አቦ» እያለ ይቆጣቸው ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው! ይሉኝታ የሚሉት ክፉ በሽታ አለ፤ በሰው አገር ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ የሰፈሩ ሰው በሬ ጥሎ ቅርጫ ገባ። መብራት ጠፍቷል፤ ጄኔሬተር ያለው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። አደይ ለተመድህን ሥጋውን አሸክመው መጡ። ቤት ያከራዩት፣ ታይፎይድ የጣለው ጊዜም አጥሚት እያጠጡ ያስታመሙት እሳቸው ናቸው።

«ይማም ወደይ፣ ልጄ፣ ሥጋችን እዚህ ይደርልን።»

«አደይ፣ ይሄ እኮ የፍሬ ቤት ነው።»

«ፍሬህን ማን ነካብህ? ጥግ ላይ ነው። ወይስ የእኛን ሥጋ ተጸይፈህ ነው?»

በቃ፣ አለቀ። ስንት ዓመት አብሯቸው ኖሮ «ተጸየፈን» ተብሎ ከሚታማ ሞቱን ይመርጣል። ከፈተላቸው። ትኩሳቱ ያልወጣለት የበሬ ሥጋ በለሱ አጠገብ ተከመረ። በማግስቱ ባለመደቡ ሁሉ ድርሻውን ሊወስድ መጣ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ደፉ ላይ ቆመው «እንኳን አደረሰህ» ሲባባሉ በሩ ተበርግዶ ዋለ። ይማም «ዝጉት እንጂ» ቢል ማን ሰምቶት! በለሱ አላበው። ይማም ደንግጦ በጨርቅ ጠራረገው፤ ለመሓሪ ግን ትንፍሽ አላለም።

ጭነቱ ዓረብ አገር የደረሰው ሻግቶ ነው። ገዢው አስጣለው። መሓሪ ሥጋ መግባቱን ሰምቶ ሰፈር ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ፣ ያን ቀን የሥጋ መደቡን ያንጠለጠለው ሁሉ ሰበብ እየፈጠረ ወደየቤቱ ገባ። አደይ ለተመድህን ብቻ መለሱ።

«እኛ ስለ በለስ ምን እናውቃለን ልጄ? እሱ አይሆንም ቢለን እንመለስ ነበር።»

ይማም ቁልፉን አስረክቦ በዚያው በታመመ ወገቡ ወደ ሸክሙ ተመለሰ። በእሱ ቦታ የሰፈሩ ተወላጅ ተቀጠረ።

ለመስቀል ይማም እዚያው ማቀዝቀዣው በር ላይ የበለስ ሳጥን ሲጭን አደይ ለተመድህን ሊያሳድሩት ሥጋ አሸክመው መጡ። አዲሱ ጠባቂ ከወንበሩም አልተነሣ።

«አይሆንም፣ አደይ።»

ይማም ቆሞ ጠበቀ፤ አሁን ይቀየሙታል፣ አሁን ይረግሙታል ብሎ። ሴትዮዋ ግን ሳቁ።

«ጎበዝ ወደይ! ሥራህን እንዲህ አክብር» ብለው መርቀውት ሄዱ።