የታሸገው ሞተር

በደርግ ጊዜ አዲስ መኪና መግዛት ማለት ማመልከት፣ መጠበቅ፣ ከዚያም እንደገና መጠበቅ ነበር። ሦስት ዓመት ጠብቄ የደረሰችኝን መኪና ጉለሌ ግቢዬ ውስጥ ሳስገባ አንድ ነገር በደንብ አውቅ ነበር፤ የዚህች ሞተር ከሞተ በዕድሜዬ ሌላ መኪና አላገኝም። ስለዚህ ሌሎች ገዢዎች የማያደርጉትን አደረግኩ፤ አብሯት የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ጸሐፊው ግን እንግሊዝኛ በቅጣት የተማረ ይመስል ነበር። ቢሆንም አንዱ ትእዛዝ ግልጽ ነበር፦ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩን ወዲያው አጥፋ።

በሁለተኛው ወር፣ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ መብራቱ በራ። እኔም መሀል መንገድ ላይ አጠፋሁ። ከኋላዬ የነበረው የታክሲ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ መብራት የሚፈሩ ከሆነ ለምን በእግርዎ አይሄዱም?» አለኝ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው ወርደው ገፉኝ።

ቀጨኔ አንድ መካኒክ አውቅ ነበር፤ እኩያዬ፣ ምላሱ ከመፍቻው የማይተናነስ ሰው። ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት አዳመጠና ወዲያው አጠፋው።

«ዘይቱ ወደ ላይ አይወጣም። ፓምፑን የሆነ ነገር አንቆታል። ግማሽ ቀን ስጠኝና ከሥር ልክፈተው።»

የማይቻለው ይኸው ነበር። የሸጠልኝ የመንግሥት ድርጅት የሞተሩን ብሎኖች በሽቦ አስሮ፣ በእርሳስ ማኅተም አሽጎታል። ማኅተሙን ሌላ ሰው ከነካው የአንድ ዓመቱ ዋስትና ይፈርሳል።

«ዋስትና አለኝ» አልኩት።

«እሱማ አለህ። ሊያጥርህ የደረሰው ሞተር ነው።»

በማግሥቱ ወደ ድርጅቱ ጋራዥ ወረድኩ። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ሞተሩ ሳይግል ደረስኩ። የጋራዡ ኃላፊ ቅጽ ሰጥቶኝ ችግሩን ጻፍኩ፤ አነበበውና መኪናዋን በመስኮት አየት አደረጋት።

«ጓድ፣ መብራቱ አሁን በርቷል?»

«አሁን አልበራም። የሚበራው ሞተሩ ግሎ ዳገት ሲወጣ ነው።»

«እንግዲያው ጉድለት የለም። ጉድለት ካለ እዚህ ግቢ ውስጥ መታየት አለበት።»

«ግቢያችሁ እኮ ሜዳ ነው።»

«ግቢውን የሠራሁት እኔ አይደለሁም።»

ዳገቱ ድረስ አብሮኝ የሚወጣ ሠራተኛ ይሰጠኝ ዘንድ ጠየቅኩ። ሠራተኛ ከግቢ የሚወጣው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ ለተመዘገበ ጉድለት ነው። በገመድ እየተጎተትኩ ተመለስኩ። እንዲህ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለቱን ጊዜ ሠራተኛው በሙሉ ስለ ምርት ማሳደግ ስብሰባ ተቀምጦ ነበርና በር ላይ ቆሜ የጭብጨባውን ድምፅ ስሰማ ዋልኩ።

በአራተኛው ጊዜ ተንኮል አሰብኩ። ሞተሩን ግቢያቸው ውስጥ አስነሥቼ ሳላጠፋው ቆየሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀዩ መብራት በራ። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ሞተር ሲታመም እያየሁ ደስ አለኝ፤ ክርክር ሰውን እዚህ ድረስ ያወርደዋል። ሮጬ ኃላፊውን ጠራሁት።

ኃላፊው የመብራት ሠራተኛ ጠራ። ሰውየው ከመሪው ሥር እጁን ሰደደና በፒንሳ አንድ ሽቦ ቆረጠ። መብራቱ ጠፋ። ወዲያው «በዋስትና ተጠግኗል» የሚል ወረቀት ቀረበልኝ።

«ይኼ እኮ ያጠፋው መብራቱን ብቻ ነው!»

ኃላፊው ቅጹን አወጣ። «ታዲያ ያመለከቱት ምን ብለው ነበር?»

በገዛ እጄ «ቀይ መብራት ይበራል» ብዬ ጽፌአለሁ። በሥራዬ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ሳርም የምውል ሰው ነኝ። ካልፈረምኩ መኪናዋ ከበሩ አትወጣምና ፈረምኩ።

ከዚያ በቀጥታ ተጎትቼ ቀጨኔ ገባሁ። መካኒኩ ማኅተሙን በጠሰ። ከሞተሩ ሥር የዘይት መያዣውን ሲያወርደው፣ የፓምፑ አፍ ላይ የተጠቀለለ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ አገኘ። መኪናዋን የገጣጠመው ሠራተኛ ውስጥ ረስቶት ነው። ጨርቁን አወጣ፣ ፓምፑን አጠበ፣ መልሶ ገጠመ፣ የተቆረጠውንም ሽቦ ቀጠለልኝ። ያንኑ ዳገት ሁለት ጊዜ ወጣን፤ መብራቱ አልበራም።

«በቃ፣ ጨርቁን ጣለውና ቤትህ ግባ» አለኝ።

ልክ ነበር። እኔ ግን ሞተሬ ድኖም አልበቃኝም፤ ያ ሰው «ተሳስቻለሁ» ሲል መስማት ፈለግኩ። በማግሥቱ ጨርቁን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት።

«ከየት የመጣ ነው?»

«ጤነኛ ነው ካላችሁት ሞተር ውስጥ።»

ጨርቁን አገላብጦ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ድምፁን ሳያነሣ ጠየቀኝ፦ «ማን ከፈተው?»

ዋስትናዬ መፍረሱን የሚገልጽ ደብዳቤ እዚያው ተጻፈ። ጨርቁንም ማስረጃ ነው ብሎ በመርፌ ቁልፍ ከፋይሌ ጋር አያያዘው። «መልስልኝ» ስለው፣ «አሁን የመንግሥት ሰነድ ነው» አለ።

ይቅርታ ሳልሰማ፣ ዋስትናም ሳይኖረኝ ወጣሁ። ሞተሩ ግን ቁልፉን አንዴ ሳዞረው ተነሣ። ኃላፊው በመስኮት ያየኝ ነበርና ያንን ሜዳ ግቢ ሁለት ጊዜ በዝግታ ዞሬበት ነው ከበሩ የወጣሁት።