ያላነበብሁላቸው መልእክት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጥቃቅኑን ሁሉ ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ጾም አፍርሻለሁ፣ ሰው አምቻለሁ እላለሁ፤ ሰው ገድያለሁ ግን ብዬ አላውቅም። በእጄ አልገደልሁማ። ታዲያ በምን ገደልሁ? እናንተው ፍረዱ። እኔ በራሴ ልፈርድ ስነሣ ሁልጊዜ ለራሴ አደላለሁ።

ከደብረ ማርቆስ ተምሬ እንደ ወጣሁ፣ በሮብ ገበያ አካባቢ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች የገጠር አጥቢያ ሰባኪ ሆኜ ሄድሁ። ቄሱ ሁለት አጥቢያ ስለሚያገለግሉ ቅዳሴ እንዳለቀ በበቅሏቸው ወደዚያኛው ይሻገራሉ። ስለዚህ ሰንበቴው ከቅዳሴ በኋላ በአጸዱ ተሰብስቦ ዳቦ ሲቆርስ፣ ጠላ ሲቀምስ፣ የሚያስተምረው እኔ ነበርሁ። ወጣት ነኝ፤ ድምፄ ያምራል፤ ማማሩንም አውቃለሁ።

ቆሮንቶስን ላስተምር መረጥሁ። ሐዋርያው ወደዚያች ከተማ የላካቸውን ሁለቱንም መልእክቶች ገና ሳልጀምር ከዳር እስከ ዳር አንብቤአለሁ። ሁለቱንም ማለቴን ልብ በሉ። ከዚያ በየሰንበቱ ጥቂት ጥቂት አወጋቸው ጀመር። ባሕር አይተው ለማያውቁ ገበሬዎች በሁለት ባሕር መካከል ስላለች የግሪክ ከተማ ነገርኋቸው፤ ሮማውያን ስለሚገዟት፣ መርከብ ከዚህም ከዚያም ስለሚያራግፍባት፣ ጣዖት በየማዕዘኑ ስለቆመባት። የጉንደ ወይንን ገበያ አስቡ፣ ግን በየቀኑ ገበያ፣ ሰዉም ሁሉ እንግዳ፣ አልኋቸው። ክርስቲያኖቹ ጥቂት ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበራቸው አንድ ሀብታም ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ ባሪያው የጌታውን ሥራ ጨርሶ ሲደርስ ማዕዱ ተበልቶ ያልቅ ነበር። ይህን ስነግራቸው ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። በሳምንቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ "መምህር፣ እነዚያ የቆሮንቶስ ሰዎች እንዴት ሆኑ?" ይሉኛል፣ ማዶ ያለ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። እንዲህ አድርገው ነበር የሚያምኑኝ።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ ሙላት ነበር። አባቱ በስተርጅና ልጅ እግር ሚስት አግብተው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሴቲቱ ይታይሽ ትባላለች፤ ከሙላት ታንሳለች። በአንድ ግቢ ቀሩ፤ ውሎ አድሮም አንድ ቤት ሆኑ። አገሩ ያውቃል፣ አገሩ ዝም ብሏል። እኔም ሰምቻለሁ።

በቆሮንቶስም የአባቱን ሚስት የያዘ ሰው ነበረ። ሐዋርያው ያን ሰው ከመካከላችሁ አውጡት ብሎ ጽፎባቸዋል። ያን ክፍል ልዘለው እችል ነበር። ሙላትን ለብቻው ጠርቼ ልመክረው እችል ነበር። አላደረግሁም። እሱ ከአጸዱ ጥድ ሥር ተቀምጦ እያየሁት፣ አፌን ሞልቼ አነበብሁት። ስም አልጠራሁም፤ መጥራትም አላስፈለገኝ፤ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደሱ አዞረ። ቁራሹ በእጁ ነበር። አልጎረሰውም፣ አላስቀመጠውም። እኔ ያን ጊዜ ምን የተሰማኝ ይመስላችኋል? አዘንሁ? ልቤ አበጠ እንጂ። ቃሌ ሰው ሲያንቀጠቅጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚያው ሰንበት ለዩት። መለየት ምን እንደሆነ የገጠር ሰው ያውቃል፤ ለከተሜው ልንገር። ጽዋ አይደርስህም። ደቦ አይወጣልህም። ሙላት ያለው አንድ በሬ ነበርና ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ነበር የሚያርሰው፤ አሁን የሚያቀናጀው ጠፋ። ክረምቱ ገባ። የሌላው ማሳ ታርሶ ሲጠቁር የሱ ሣር አበቀለ። በዚያ በኩል ሳልፍ ሣሩን አየዋለሁ። ቢሆንም አልፌ እሄዳለሁ።

ሙላት ይታይሽን ጉንደ ወይን ወዳሉት ዘመዶቿ ላካት። እሱም ቄሱ ፊት ወድቆ ቀኖናውን ተቀበለ። ማኅበሩ ግን የመምህሩን ቃል ይጠብቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከአጥሬ ውጭ ቆመ። ጮቄ ጥቁር ደመና ለብሶ ያጉረመርማል። ነጠላውን አደግድጎ፣ "መምህር፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?" አለኝ። ግባ እንኳ አላልሁትም። ታገሥ ብዬ መለስሁት።

በሚቀጥለው ሰንበት የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ አያ ተገኝ ከሰዉ መካከል ተነሡ። የተረጋጉ፣ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። "መምህር፣ ያ ቆሮንቶሶች ያስወጡት ሰው መጨረሻው ምን ሆነ? ሐዋርያው ስለሱ ሌላ የላከው ቃል የለም? የኛው ልጅ ተመልሷልና፣ እነሱ እንዳደረጉት እናደርግ ብለን ነው" አሉኝ።

ቃሉ ነበረ። በሁለተኛው መልእክት፣ ገና ከመጀመሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሐዋርያው ስለዚያ ሰው ጽፎላቸዋል፤ ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ይቅር በሉት፣ አጽናኑት፣ ሐዘን እንዳያጠፋው ፍቅራችሁን አሳዩት ብሏቸዋል። አውቀው ነበር። መጽሐፉ በእጄ ነበር፤ ጥቂት ቅጠል መግለጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ስለሱ ሌላ የተጻፈ የለም አልሁ።

ለምን? የዚያ ስብከት ወሬ አማኑኤል ከተማ ድረስ ደርሶ ለበዓል ጠርተውኝ ነበር። "ያ ፊት የማያየው ሰባኪ" ተብዬ ነው የተጠራሁት። አሁን መልሱት ብል ለሰለሰ፣ ቃሉን አጠፈ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከሙላት ጋር ጥል የለን፤ ክፉ ውሎብኝ አያውቅም። ክፉ ቢውልብኝ ኖሮ ዛሬ የማመካኝበት አገኝ ነበር። በዓሉ ይለፍና አነብላቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በዓሉ አለፈ። ጨብጭበውልኝ፣ እልል ብለውልኝ ተመለስሁ፤ አላነበብሁላቸውም።

አያ ተገኝ አመኑኝ። እንግዲያ እኛ ከሐዋርያው አንበልጥም ብለው ተቀመጡ።

ሙላት ከዚያ ወዲያ ደጄ አልመጣም። በነሐሴ አንድ ሰንበት ጠዋት ብቻውን ወደ ወንዙ ወረደ። ላይ ጮቄ ሲዘንብ አድሮ ኖሮ ወንዙ ደፍርሶ ደረሰበት። ከታች፣ ድንጋይ አግዶት አገኙት። በጀርባው ላይ በነጠላ የታሰረ ዳቦ ነበር። ሴት የሌለበት ቤት ዳቦ ነው፤ ራሱ ጋግሮት አንድ ጎኑ አሯል፣ አንድ ጎኑ ሊጥ ነው፣ ውኃ ጠጥቶ ረጥቧል። ያን ያየ ሁሉ ወዴት ይሄድ እንደነበር ገባው። ከማዶ ስሙን የማያውቁበት ሰንበቴ አለ። ከሰው ጋር ሊቆርስ ነበር የሚሄደው።

ከቀብሩ የቀረ አልነበረም። በሬ የከለከለው፣ ሰላምታ የነፈገው ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ መጣ። እኔም ልናገር ተነሣሁ። ምን ያነበብሁ ይመስላችኋል? ያችኑ። ይቅር በሉት፣ አጽናኑት የምትለዋን፣ በዚያ በሚያምር ድምፄ፣ ሬሳው ላይ አነበብኋት። ሰዉ ተላቀሰ። ሲያበቃ ጉልበቴን ሊስሙ መጡ፤ ምን ዓይነት ሩኅሩኅ መምህር ነው የሰጠን አሉ። ዝም ብዬ ተሳምሁ።

አያ ተገኝ ሰዉ እስኪበተን ቆዩ። ከዚያ ቀረብ ብለው፣ "መምህር፣ ይችን ቃል መቼ አገኟት?" አሉኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ አንቱ እያሉኝ።

"ትናንት" አልኋቸው።

"ምነው ትንሽ ቀደም ብለው ባገኟት" አሉና በትራቸውን ተደግፈው ሄዱ። አልተጠራጠሩኝም። ቢጠራጠሩኝ ምንኛ በቀለለኝ ነበር።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፤ ጸጉሬ ሸብቷል። አሁንም ቆሮንቶስን አስተምረን እያሉ ይጠሩኛል፤ አንዳንዴም እሄዳለሁ። ሰሞኑን ከዚያ አገር የመጣ ሰው አግኝቼ አያ ተገኝ አሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አሉ፣ አርጅተዋል አለኝ። ከሙላት ቀብር ወዲህ ሙሴነቱን ትተዋል። ተራቸው ሲደርስ ዳቦውን አስጋግረው ያመጣሉ፤ ራሳቸው ግን አይቀምሱም። ሌላው ማዕድ ሲቀርብ እሳቸው ከአጸዱ ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ምነው ሲሏቸው፣ ልጁን ባለማወቅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔም ልለይ ይላሉ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አያ ተገኝ ምን በደሉ? ጠይቀዋል። ሰው ሊያደርግ የሚገባውን አድርገዋል፤ በሰዉ ሁሉ ፊት ተነሥተው ጠይቀውኛል። የዋሸሁ እኔ ነኝ። እያወቅሁ የዋሸሁ፣ ሬሳው ላይ ደግሜ የዋሸሁ፣ እኔ ነኝ። ከዚያ አካባቢ ይህን የሚያነብ ሰው ካለ ሄዶ ያንብብላቸው። ራሴ ሄጄ ፊታቸው ቆሜ መናገር ፈርቻለሁ፤ እሱም ሌላ በደሌ ነው። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር በሉት የሚለውን የደበቅሁ ሰው በምን አፌ? አያ ተገኝ ግን ከዚያ ድንጋይ ይነሡና ወደ ማዕዱ ይግቡ። እዚያ ደጅ መቀመጥ የሚገባኝ እኔ ነኝ።