እህቴ ያመጣችልኝ አምቦ ውሃ

«እህቷን ከደጅ መለሰቻት» ተብዬ መታማቴን ሰማሁ። ውሸት ነው። እህቴ ቤት ገብታለች፣ ምሳ በልታለች፣ እስከ መናኸሪያ ተሸኝታለች። የመለስኩት ውሃውን ነው።

ከዳንግላ ወዲያ፣ ከተወለድንበት መንደር ግርጌ፣ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ አምቦ ውሃ አለ። ልጆች ሳለን እኔና ታላቅ እህቴ ብርቄ ከቅዳሴ ስንመለስ በደረታችን ተኝተን እንጠጣው ነበር። አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ምላስ ይቆነጥጣል... እኔ ለትምህርት እንጅባራ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ደግሞ ወደዚያ ወርጄ አላውቅም።

በቀደም በስልክ «ያን ውሃ ሳልቀምስ እንዳልሞት» አልኳት። ቅዳሜ ጀሪካን አንጠልጥላ መጣች።

በብርጭቆ ቀዳሁት። ዝም ያለ ውሃ... አይኮመጥጥም፣ ከሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል።

«እታለም፣ ይሄ የቦይ ውሃ ነው።»

«ከአምቦው ነው የቀዳሁት።»

«ያን ውሃ እኔ አላጣውም። ደክሞሽ ከቅርብ ቀድተሽ ይሆናል። ይዘሽው ተመለሽ።»

ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች። «የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለች። ጀሪካኑን መልሳ ከደነችው።

ትናንት ጠዋት፣ ቅዳሜ ከእህቴ ጋር በአንድ ሚኒባስ የመጣች ጎረቤቴ እየሳቀች ነገረችኝ።

«እትዬ፣ እህትዎ እኮ መንገዱን ሙሉ ሲያስቁን ነበር። ጀሪካኑ ተነፍቶ ሊፈነዳ ደረሰ። ሹፌሩ ‹እማማ፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው እንዴ የጫኑት?› ቢላቸው ክዳኑን ላላ አደረጉት። ፉጨቱ! እስክንወርድ ድረስ እንደ ሕፃን አቅፈው ሲያስተነፍሱት ነበር።»

እኔ አልሳቅሁም።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ጋዙ ከውሃው ጋር የሚቆየው ታፍኖ ሲቀመጥ ነው። ክዳኑ ሲላላ ይወጣል፣ ኮምጣጣነቱም አብሮት ይሄዳል፣ ሟሙቶ የነበረው ብረት ደግሞ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። ይህን በጠመኔ ጽፌ ስንቱን ልጅ ፈትኛለሁ። ያ ቡናማ ዝቃጭ የእህቴ ምስክር ነበር... እኔ ግን ውሸታም አደረግኋት።

ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።

ነገ መጀመሪያ የዳንግላውን የማለዳ ሚኒባስ እይዛለሁ። ከዚያ በምርኩዜ ቀስ እያልኩ ብርቄ ደጅ እደርሳለሁ። ሳልቀመጥ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሺ ካለችኝ፣ ደግፋኝ ወደ ምንጩ እንወርዳለን።

ጀሪካን አልይዝም።