ያልተቆጠሩት ምጦች

በካይሮ ሜትሮ ስጓዝ ሁልጊዜ የምቆመው በር አጠገብ ነበር። መቀመጫ ባዶ ቢሆን እንኳ አልቀመጥም፤ መቀመጡ ቀላል ነው፣ አስቸጋሪው መነሣቱ ነው። ከአይን ሻምስ እስከ ሐዳይቅ አል-መዓዲ በሚወስደው መስመር በየትኛው ጣቢያ ወርጄ፣ በስንት ደቂቃ ተራምጄ፣ ለማን ፈገግ ብዬ መጸዳጃ ቤት እንደማገኝ አውቅ ነበር። ኦልድ ካይሮ ስወርድ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ያስገባኛል፤ ሌላ ጣቢያ አጠገብ ደግሞ የአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ ነበረች። ሌሎች ከተማዋን በመስጊዶቿና በወንዟ ያውቋታል። እኔ የማውቃት በዚህ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ለሕክምና ተማሪዎች አናቶሚ አስተምር ነበር። ስለዚህ የደረሰብኝን ነገር በስሙ መጥራት፣ መንገዱንም በጣቴ ማሳየት እችላለሁ። ከአከርካሪ ግርጌ የሚነሣ አንድ ነርቭ አለ፤ በዳሌ አጥንት ሥር ታጥፎ ያልፍና የዳሌን ወለል ጡንቻዎች፣ የሽንትና የሰገራ መውጫ መዝጊያዎችንም ጭምር ያዝዛል። የላቲን ስሙ የተወሰደው «ሊታፈርበት የሚገባ» ከሚል ቃል ነው፤ ስሙን ያወጡት ወንዶች መሆናቸውን ማስረዳት አያስፈልግም። ሕፃን ሲወርድ ጭንቅላቱ ይህን ነርቭ ይስበዋል። ነርቭ ደግሞ ገመድ አይደለም፤ ጥቂት ይለጠጣል፣ ከዚያ በላይ ከተሳበ ይጎዳል። ከአንድ ወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ያገግማል። ሁለተኛው ወሊድ የሚያገኘው ግን ያገገመ ነርቭ እንጂ ያልተነካ ነርቭ አይደለም፤ ሦስተኛው የሚያገኘው ሁለት ጊዜ የተጎዳውን ነው። ትእዛዙ መዘግየት ይጀምራል። ሳል ወይም ሣቅ ሲመጣ ጡንቻው መዘጋት የነበረበት ቅጽበት ያመልጠዋል። ይህን ሁሉ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቢጫ ጠመኔ ስዬዋለሁ፤ እኔው ራሴ ከሰሌዳው ፊት እግሬን አጣምሬ እየቆምኩ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ አስተማሪነቴ ቀርቶ ነበር። ካይሮ ውስጥ ስደተኞችን በሚያክም አንድ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር። የሥራው ደንብ አጭር ነው፦ የተባለውን ብቻ ማለት። ደንቡን ከሌሎቹ አስተርጓሚዎች ሁሉ አጥብቄ የማከብረው እኔ ነበርኩ። ባላከብረው ኖሮ ከሐኪሞቹ ጋር ሳልጣላ የምውልበት ቀን አይኖርም ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ከጎጃም ገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ገደማ፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ በአንዲት ግብፃዊት ቤት እያደረች የምትሠራ ነበረች። ሽንቷ አይቋጠርላትም። ሁለት ጊዜ የኢንፌክሽን መድኃኒት ተሰጥቷት ሁለቱንም ጊዜ አልተሻላትም። አሁን አሠሪዋ የፍራሹን ሽታ ደርሳበታለች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዳነች እንደምታሰናብታት ነግራታለች። ከዚያ ቤት ከወጣች ሥራ ብቻ ሳይሆን የምታድርበትም ታጣለች።

ወረፋ ስንጠብቅ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ጓደኞቼ ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? የዓባይ ምንጭ።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ከጎጃም ተነሥታ ግብፅ ድረስ ትፈሳለች ነዋ!»

ሣቀች፤ ሣቋም መሐል ላይ ተቆረጠ፤ ጉልበቶቿን ገጠመች። ለምን እንደተቆረጠ ሌላ ሰው ላያውቅ ይችላል።

ሐኪሟ ቸኩላ ነበር። መዝገቡን ገለጠችና፣ «ሁለት ወሊድ። ዕድሜዋም ገና ነው። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ አሁንም ኢንፌክሽኑ አልለቀቃትም» ብላ ብዕሯን አነሣች።

ያንን «ሁለት» ያስጻፍኩት እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሟ ስንት ጊዜ እንደወለደች ስትጠይቅ እኔ ያልኳት «ስንት ልጆች አሉሽ?» ነው። «ሁለት» አለችኝ፤ «ሁለት» ብዬ አስተላለፍኩ። በአገራችን የሞተ ልጅ ከቁጥር አይገባም፤ ያሉትንም ቢሆን ጮክ ብላ የምትቆጥር እናት የለችም። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። በራሴ የስደተኝነት ቅጽ ላይ አንዲት ሴት ልጅ ብዬ ሞልቻለሁ፤ ያማጥኩት ግን ሦስት ጊዜ ነው።

«ቆዪ፣ አንድ ነገር ልጠይቃት» አልኩ በዐረብኛ፤ ፈቃድም አልጠበቅኩም። ወደ ሴትየዋ ዞርኩ። «ስንት ጊዜ አማጥሽ?»

«የሞቱትን ጨምሮ?»

«የሞቱትን ጨምሮ።»

ዐይኗን ወለሉ ላይ ተክላ በከንፈሯ ቆጠረች። «ሰባት። የመጀመሪያው ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ነው የያዘኝ። ግን እትዬ፣ አሁን እነሱን መቀስቀስ ምን ያደርጋል?»

ሐኪሟ ቁጥሩን ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። መርምራ፣ በፊኛዋና በማኅፀኗ መውጫ መካከል ቀዳዳ አለመኖሩን አረጋገጠች፤ የጡንቻዋን ድካምም አየች። ከዚያ የቀድሞ ትምህርቴን አሳጥራ ነገረቻት፤ እኔም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎምኩት። ነርቩ እንደ ድሮው አይመለስም። የተረፈውን ትእዛዝ ግን ማሠልጠን ይቻላል፦ ማጥበቅ፣ መያዝ፣ መልቀቅ፣ በየቀኑ፣ ለወራት።

«ማሌሽ» አለች ሐኪሟ በመጨረሻ፤ በዐረብኛ «አይዞሽ»ም «ይቅርታ»ም ነው። ለሴትየዋ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኩም። በከንቱ የተዋጠው መድኃኒት ሁሉ የእኔ ስሕተት ነበር።

ስለዚህ ደንቡን ጥሼ አሠሪዋ ቤት ሄድኩ። አምሳዎቹን የጀመረች፣ ጨዋ ሴት ነበረች፤ ሻይ አቀረበችልኝ። ለልምምዱ ወራት ብቻ እንደሚያስፈልግ፣ ፍራሹንም በፕላስቲክ መሸፈን እንደሚቻል በንጹሕ ዐረብኛ አስረዳኋት።

«እኔም አራት ወልጃለሁ» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ ሠራተኛ እንዲፈልጉልኝ ነግሬያለሁ።»

በዚያች ግማሽ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተነሥታ ወጥታ ነበር፤ አንዱን ጊዜ ቃሏን እንኳ ሳትጨርስ። ሊያስላት ሲል እግሯን ታጣምራለች። አየሁ። ሠራተኛዋ ዕቃዋን በሁለት ፌስታል ይዛ በዚያው ቀን ከእኔ ጋር ወደ አይን ሻምስ መጣች።

አምስት ሳምንት ተቀመጠች። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ መጸዳጃው ውስጥ አንዳችን ስንገባ አንዳችን ስንወጣ አንድም ምግብ ተቀምጠን የጨረስን አይመስለኝም። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ ልምምዱን አሠራት ነበር፤ እሷ ምስር እየለቀመች፣ እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ።

«አጥብቂ። ያዢ። ልቀቂ። ፊትሽን አታጨማድጂው፤ ሥራው ያለው ታች ነው።»

«የእርስዎስ ፊት ለምን ይጨማደዳል?»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጸዳጃው በር ላይ ከተገናኘን፣ ምንም ሳትል ለእኔ ታሳልፍ ነበር። እዝነቷን አልወደድኩትም፤ እምቢ ያልኩበት ቀን ግን የለም።

ሥራ ፈልጋ አላገኘችም። እያደሩ መሥራትን ፈራች፤ በተመላላሽነት የሚቀጥራት ጠፋ። በስድስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ፤ አሠሪዋ ነበረች። ስለ አየሩ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ያ የነገርሽኝ ልምምድ... ያዕኒ፣ ለአንዲት ጓደኛዬ ነው።»

በአራት ዓረፍተ ነገር ልነግራት እችል ነበር። «በስልክ አይሆንም» አልኳት። «በየቀኑ አጠገብ ሆኖ የሚያሠራ ሰው ይፈልጋል። የሠለጠነችው የቀድሞ ሠራተኛዎ ናት።»

በሕክምና ነገር የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ አልጸጸተኝም። 

«በረንዳ ላይ ነበር የምትተኛው» አለች በመጨረሻ። «ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። እሷን እሰጣታለሁ። ቅዳሜ ትምጣ።»

«ጓደኛዎን እግዚአብሔር ይማርልን» አልኳትና ዘጋሁ።

ቅዳሜ ሜትሮ ውስጥ ሁለታችንም በሩ አጠገብ ቆመን ነበር። ፌስታሎቿን በእግሮቿ መሐል አስቀመጠች።

«እትዬ፣ መዳም በዚህ ነገር ትድናለች?»

«አትድንም። ይሻላታል።»

«በስንት ጊዜ?»

«በደንብ ከሠራች በሦስት ወር ለውጡን ታየዋለች።»

«ካየችው በኋላስ እኔን ምን ታደርገኛለች?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር።  እሷ ግን ፌስታሎቿን አንሥታ ወደ በሩ ተጠጋች።

«እንግዲያስ» አለችኝ፣ «ማጥበቁን ብቻ ነው የማስተምራት። መልቀቁን ለሚቀጥለው ዓመት አቆየዋለሁ።»